ጋቢ የለበሰው ወይን ጠጅ

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ብርድ የሚባለውን ነገር የምናውቀው ከደጋ በሚመጣ ሰው ወሬ ነበር። ዛሬ እናንተ ፍሪጁን ከፈት ታደርጉና ውሃ አውጥታችሁ «ኧረ ይሄ አልቀዘቀዘም» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። ያኔ ፍሪጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የጥጥ እርሻው ሥራ አስኪያጅ፣ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ፣ እሱም የራሱን ቢራ ይዞ ተቆልፎ ነው የሚውለው፣ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው። እና አሁን የማጫውታችሁ የወይን ጠጅ ነገር ነው። አንቺ ምን ያስቅሻል? ጠጥቼ አይደለም፤ አስታምሜ ነው። አዎ፣ ወይን ጠጅ አስታምሜያለሁ፣ ከባሌ ጋር አንድ ሰሞን ጎን ለጎን አስታምሜያለሁ። ጻፈው አንተ፣ እንደተናገርኩት ጻፈው፣ አታሳምረው።

እርሻው የእንግዳ ማረፊያ ነበረው፤ ከደሴው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከትልቁ ሾላ አጠገብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። የማረፊያው ኃላፊ ባሌ ማሞ ነበር። ኃላፊ ሲባል እንግዳ ይቀበላል፣ አልጋ ያነጥፋል፣ ነጭ ጃኬቱን ለብሶ ገበታ ላይ ያስተናግዳል፤ እኔ ደግሞ ወጥ ቤቱን እይዛለሁ፣ ጠጅ እጥላለሁ። የምንኖረው እዚያው ከኋላ ባለችው አንድ ክፍል ነው። ክፍሏ የእርሻው ናት። ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል፤ እሱን ያዙልኝ።

ታዲያ መስቀል አልፎ፣ ወባዋ በምትበረታበት ሰሞን፣ ማሞን ንዳድ ያዘው። ንዳድ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኛል፤ ከዚያ እንደ ከሰል ይግላል፤ ከዚያ ያልበዋል፤ ከዚያ ቀለል ይለውና «በቃ ድኛለሁ፣ ጃኬቴን አምጪልኝ» ይላል፤ በሌላው ቀን ደግሞ እንደገና። እና መናገር አልቻልንም። ለምን በሉኝ። ከማሞ በፊት የነበረውን ኃላፊ እንዲሁ ንዳድ ይዞት ነበር፣ ሥራ አስኪያጁ ምን አለው መሰላችሁ? «ይሄ የእንግዳ ማረፊያ ነው፣ የበሽተኛ ማረፊያ አይደለም፤ ቶሎ! ቶሎ!» አለና አልጋውን ሳይቀር ደጅ አወጣበት። ሠራተኛው ሁሉ ሥራ አስኪያጁን «አቶ ቶሎ» ነበር የሚለው። ስሙን ረስቼዋለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ቶሎ ቶሎው ብቻ ነው የቀረኝ።

እና ደበቅነው። እኔ የማሞን ሥራ እሠራለሁ፣ ማሞ መስኮቱ ተዘግቶ ይተኛል፤ «ማሞ የታለ?» ሲባል «አሁን ወደ ወንዝ ወረደ»፣ «ማሞስ?» ሲባል «ማገዶ ሊያይ ሄደ»። እናንተ፣ ውሸት ያደክማል። ድንጋይ ከመሸከም ይልቅ ያደክማል። በየሰዓቱ የት እንደላኩት ራሴ ይጠፋብኝ ነበር።

እንዲህ እንዳለን አንድ ዓርብ ጠዋት አቶ ቶሎ አንድ ሣጥን አሸክሞ መጣ።

«አንቺ! ማሞ የታለ?»

«ገበያ ሄዷል ጌታዬ።»

«ዛሬ ገበያ ነው እንዴ?»

አልነበረም! «የለም፣ ለገበያው ዶሮ ሊያስይዝ ነው» አልኩት። ደግነቱ መልስ አይሰማም፣ ሰዓቱን ነው የሚያየው።

«ስሚ! ባለ እርሻው፣ ጌታው ራሳቸው፣ ሐሙስ ለምሳ ይመጣሉ። ይሄ የሚጠጡት ወይን ጠጅ ነው፣ ስድስት ጠርሙስ። አስቀድመው የላኩት እንዲያርፍ ነው።»

«ማን ነው የሚያርፈው?»

«ወይኑ ነዋ! መኪና አናውጦታል። እንዴት እንደሚያዝ በእጃቸው ጽፈዋል፤ ስሚ!» አለና መነጽሩን አድርጎ አነበበልኝ። «አንደኛ፣ ተጋድሞ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ብርሃን አይየው፣ አይነቃነቅ። ሦስተኛ፣ ቀይ ነውና ፍሪጅ አይግባ፣ በቤቱ ሙቀት ይቅረብ።»

ተጋድሞ ይቀመጥ፣ ብርሃን አይየው፣ አይነቃነቅ! እኔ ቆሜ ስሰማ ስለ ማሞ የተጻፈ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ገባሽ? አንዲት ጠርሙስ ብትበላሽ ማሞ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል፣ አንቺም አብረሽ! ለማሞ ንገሪው! ቶሎ!» ብሎኝ ሄደ።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። ያሳሳተኝ ስሙ ነው። ወይን ጠጅ! ስሙ ውስጥ ጠጅ አለበት፤ ጠጅን ደግሞ እኔን ማን ያስተምረኛል? እናቴ እዚያ ማጀቴ ከተማ ጠጅ ስትጥል ነው ያደግሁት። ጠጅ ሙቀት ይወዳል፣ ጋኑን ከምድጃው ጀርባ ካለው ግድግዳ አስጠግተን፣ ጨርቅ አልብሰን ነው የምናደርሰው። ታዲያ «በቤቱ ሙቀት» ሲል እኔ «ሙቀት» የምትለዋን ብቻ ሰማሁ፤ ሙቀት እንዳይለየው ማለት መሰለኝ፤ ፍሪጅ አይግባ ማለቱም ብርድ እንዳይነካው ነው ብዬ አመንኩ። እና ስድስቱንም ጠርሙስ ጠጅ ከምጥልባት፣ ጠጅ ቤት ከምንላት ክፍል አስገብቼ፣ ምድጃው ካለበት ግድግዳ ሥር ደርድሬ አጋደምኳቸው፣ ምድጃው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይነዳል፣ በዚያ ላይ፣ ስሙኝማ፣ ጋቢ አለበስኳቸው። ሁለት ጋቢ ነበረን። አንደኛው ማሞ ላይ ነው፣ ሁለተኛውን ወይኑ ላይ።

ማሞ ያንን ቀን ሲያንቀጠቅጠው «አስካለ፣ ሁለተኛውን ጋቢ ደርቢልኝ» አለኝ።

«ሰው ለብሶታል» አልኩት።

«ማን?»

«የጌታው ወይን ጠጅ።»

ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ይቅር፣ እሱ ይልበስ፣ እኔን የሚያባርረኝ እሱ ነው» አለ። ማሞ እንደዚህ ነበር፤ ታሞ እንኳ ነገር አያልፈውም። እኔ ግን ወደ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በየማለዳው አቶ ቶሎ ይመጣል። ቅዳሜ ማለዳ በር ላይ ቆሞ፣ «እንዴት አደረ?» አለኝ። እኔ ከማሞ አልጋ ሥር ተነስቼ ነው የወጣሁት፣ ዓይኔ እንኳ በደንብ አልተገለጠም፣ እና ሳላስበው «ሲያልበው ነው ያደረው ጌታዬ፣ አሁን ግን ቀለል ብሎታል» አልኩት።

«ምን? ወይኑ ነው ያላበው?»

ውይ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አዎ፣ ጠርሙሱ... ጠርሙሱ ወዛ ነበር፣ በጨርቅ ጠረግሁት» አልኩት።

«በንጹሕ ጨርቅ?»

«በንጹሕ ጨርቅ።»

«ጎሽ! ቶሎ ቶሎ ጥረጊው» ብሎኝ ሄደ። እኔ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ «እንዴት አደረ» ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ «ማን?» ብዬ በሆዴ እጠይቅ ነበር።

ሰኞ ማሞን ብርዱ ክፉኛ ያዘው። አልጋው አብሮት ይንቀጠቀጣል። እኔ የወይኑን ነገር እርግፍ አድርጌ ሮጥኩ፣ ጠጅ ቤት ገባሁ፣ ጨለማ ነው፣ ጋቢውን ገፈፍኩና መጥቼ ደረትና አንገቱ ላይ ደረብኩለት። ከዚያ መልኩን ልየው ብዬ መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ባደርገው፣ ጋቢው ቀልቷል! ከአንገቱ ሥር እስከ ደረቱ ቀይ! «ደም!» ብዬ ጮህኩ። «ማሞ! ደም ተፋህ! ማሞዬ!» ማሞ ደንግጦ አፉን በእጁ ዳበሰ፣ እጁን አየ፣ «የለም እኮ» ይላል፣ እኔ «አለ፣ ይኸው!» እላለሁ፣ ሁለታችንም እንንቀጠቀጣለን፣ እሱ በንዳድ እኔ በድንጋጤ። ከዚያ ሽታው መጣ። ጋቢውን አሸተትኩት። ወይን ነው።

ባሌ ደም አልተፋም ብዬ ልደሰት፣ ወይኑ ፈሰሰ ብዬ ላልቅስ? ተመልሼ ሄድኩ። የአንዱ ጠርሙስ ቡሽ በራሱ ወደ ውጭ ገፍቶ ወጥቶ በጎኑ ያንጠባጥባል። የቀረውን በጣቴ ቀመስኩት፤ አቼቶ! አቼቶ ሆኗል፣ ይኮመጥጣል፣ በዚያ ላይ የተቀቀለ ነገር ይሸታል። የሌሎቹን ጠርሙሶች ሆድ ብነካ ለብ ብለዋል፣ የሁለቱ ቡሽ መነሳት ጀምሯል። አምላኬ! አምስት ቀሩ፣ ሐሙስ ደግሞ ሦስት ቀን ነው።

ከዚያ ድሬሰር ሰይድ መጣ። ድሬሰር ያኔ ዶክተራችን ማለት ነው፣ መርፌውንም ኪኒኑንም የሚሰጠው እሱ ነው። የአሊዩ አምባ ሰው ነው፣ አርጎባ፣ አባቱ በግመል ጨው ሲያመላልሱ የኖሩ። እኔ ጋ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ መስሎ በጓሮ በኩል ይገባና ማሞን ያየዋል፤ ሚስጥራችንን የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ቴርሞሜትሩን ከማሞ ብብት አስገባ፣ አወጣ፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ አየው፣ ፊቱ ጠቆረ።

«አስካለ እህቴ፣ ይሄ ሰው ደጋ መውጣት አለበት፣ ሆስፒታል መግባት አለበት። እኔ እጅ ያለው ኪኒን አልያዘውም።»

«በምን ይሂድ ጋሽ ሰይድ? መኪና የሥራ አስኪያጁ ነው፣ እሱ ካወቀ ደግሞ ውጡ ነው የሚለን። ከሐሙስ በኋላ ይሁን። ሐሙስ ይለፍልኝ።»

«ንዳድ ሐሙስን አያውቅም» አለ። እኔ ግን ያን ሰዓት ምን አልኩት መሰላችሁ? እፍረቴን ልንገራችሁ። «ጋሽ ሰይድ፣ ያንን ቴርሞሜትር ለወይኑም ታደርግልኝ?» አልኩት።

«አስተግፊሩላህ!» አለ። «ይሄ ከሰው ገላ የሚገባ ዕቃ ነው፤ እኔ ደግሞ አስካሪ ነገር አልነካም፣ ታውቂያለሽ።»

«አትንካው። እኔ ልንካው። አንተ ቁጥሩን ብቻ አንብብልኝ፣ እኔ ቁጥር ማንበብ አላውቅም።»

አየኝ። አሳዘንኩት መሰለኝ። ቴርሞሜትሩን ሰጠኝ። ጠርሙስ ብብት የለውም፤ ሁለቱን አጠጋግቼ መሐላቸው ሻጥ አደረግሁት፣ ነጠላዬን ደረብኩበት፣ ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አውጥቼ ወሰድኩለት። አነበበና ሳቁ መጣበት፣ ያ ሁሉ ጭንቅ እያለ።

«ሠላሳ ስምንት! ወላሂ፣ ወይንሽን ንዳድ ይዞታል።»

«ወረቀቱ እኮ በቤቱ ሙቀት ነው የሚለው!»

«ወረቀቱን የጻፉት የት ሆነው ነው?»

«አዲስ አበባ።»

«እህ! የአዲስ አበባ ቤት በዚህ ወር ገብተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ተምሬበታለሁ። በቀትር ኮት ያስለብሳል። አንቺ በማን ቤት ሙቀት ነው ያስቀመጥሽው? እሳቸው በእሳቸው ቤት ሙቀት ማለታቸው ነው።»

እኔ አፌን ያዝኩ። በማን ቤት! ይሄንን አላሰብኩማ! ሰው ቤት ብሎ ሲጽፍ የራሱን ቤት ነው የሚያስበው። የእኛ ቤት ቆርቆሮ ነው፣ ቀትር ላይ ግድግዳውን ስትነኩት እጅ ያስለቅቃል፣ እኔ በዚያ ላይ ምድጃ ጨመርኩበት!

«ታዲያ እንዴት ላቀዝቅዘው?»

«ስለ ወይን አልነግርሽም» አለ ጋሽ ሰይድ። «ስለ ውሃ ልንገርሽ። አባቴ በረሃ ሲያቋርጥ ውሃውን በግመሉ ጥላ በኩል ነበር የሚያንጠለጥለው፣ አቁማዳውን ከላይ አርጥቦ፣ ነፋስ ወደሚመጣበት አዙሮ። ጥላ፣ እርጥብና ነፋስ ነው። ውሃው ማታ ጥርስ ይነካ ነበር። እኔ የነገርኩሽ ስለ ውሃ ነው፤ ምን እንደምታደርጊበት አላየሁም።» እጁን ታጥቦ ሄደ።

እና ያንኑ ቀን ከሾላው ሥር፣ ጥላው ከማይለየው በኩል፣ ቆጥ ሠራሁ። የወንዝ አሸዋ አምጥቼ አነጠፍኩ፣ አረጠብኩት፣ አምስቱን ጠርሙስ አጋደምኩ፣ በላያቸው እርጥብ ጆንያ ደረብኩ። ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ አርከፈክፋለሁ። ከዚያ ወደ ማሞ እሮጣለሁ፣ የግንባሩን ጨርቅ ነክሬ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ወደ ጆንያው። ማክሰኞ እንደዚህ፣ ረቡዕ እንደዚህ። አንድ ጊዜ በጥድፊያ የወይኑን ባልዲ ይዤ ማሞ ጋ ገባሁ፣ ማሞ ዓይኑን ገልጦ፣ «ይሄ ለኔ ነው ለሱ?» አለኝ። «ለሁለታችሁም» አልኩት። «እሱ ተሽሎት ይሆን?» አለ። ድምፁ ቀጥኗል፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እኔ እየሳቅሁለት በልቤ «ይሄ ሰው ሊሞትብኝ ነው፣ እኔ ጠርሙስ አጠጣለሁ» እያልኩ ነው።

ረቡዕ ወደ ቀትር ጋሽ ሰይድ መጥቶ ሁለቱንም ለካ። ማሞ አርባ። ከጠርሙሶቹ መሐል ያወጣሁትን ሲያይ ግን ቁጥሩ ከታች አልተነሳም። «ይሄ ሰው ቢሆን ኖሮ ሞቷል ነበር የምለው» አለ። በጨዋታ ነው ያለው፤ እኔ ግን «ሞቷል» የምትለዋ ጆሮዬ ውስጥ ቀረች፣ ቆሜ አለቀስኩበት። ደነገጠና «አላህ ያሽረዋል፣ አላህ ያሽረዋል» እያለ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ቶሎ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ከቆጡ አንዱን ጠርሙስ አነሳና ሆዱን ነካው፣ ጮኸ።

«ቀዝቅዟል! ምን አደረግሽው? ወረቀቱ ምን ይላል? በ-ቤ-ቱ ሙ-ቀት!»

«ጌታዬ፣ የሳቸው ቤትና የእኛ ቤት...»

«ዝም! ማሞ የታለ?»

«ጃኬቱን እየተኮሰ ነው።»

«ይሄንን እኔ አስተካክለዋለሁ» አለና ጠርሙሱን ወስዶ ገበታው ላይ፣ መስኮቱ ጋ፣ ፀሐዩ ከሚገባበት ቦታ አቆመው። «እስከ ምሳ የቤቱን ሙቀት ያገኛል። ሌላ ቀዝቃዛ ጠርሙስ እዚህ ገበታ ላይ ባይ፣ በዚያው ቅጽበት ጓዛችሁ ደጅ ነው። ማሞን ለብሶ እንዲቆም ንገሪው!»

እናንተ፣ የዚያን ቀን ጠዋት እንዴት እንደረፈደልኝ አትጠይቁኝ። ወጡን እሠራለሁ፣ ጨው ጨመርኩ አልጨመርኩ አላውቅም። ማሞ ጃኬቱን ልልበስ ብሎ ተነሳና አልጋው ጫፍ ላይ ወደቀ፤ መልሼ አስተኛሁት፣ ገላው ያቃጥላል፣ የሚለው አይሰማም።

ጌታው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ረጋ ያሉ፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ላባቸውን እየጠረጉ ተቀመጡ። አቶ ቶሎ ያንን ፀሐይ የመታው ወይን ከፍቶ ቀዳላቸው። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ አያለሁ። አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ብርጭቆውን አስቀመጡት። ቀስ ብለው ወደ ውስጡ አዩት።

«ይሄ ምንድነው? ሾርባ ነው?»

አቶ ቶሎ፣ «እንደ ትእዛዝዎ ጌታዬ፣ በቤቱ ሙቀት ነው!» አለ። ላቡ ቁልቁል ይወርዳል።

እሳቸው ብርጭቆውን በጣታቸው ወዲያ ገፋ አደረጉት። አቶ ቶሎ ዞሮ ወደ በሩ አየኝ፣ ዓይኑ ውስጥ የእኛን አልጋ ደጅ ቆሞ አየሁት። እና ምን ቀረኝ? ቀዝቃዛውን ባመጣ ያባርረናል፣ ባላመጣም ያባርረናል። ወጣሁ፣ ሾላው ሥር ሄድኩ፣ አንዱን ጠርሙስ አነሳሁ፣ አሸዋውን ጠርጌ፣ ቡሹን ከፍቼ፣ ሌላ ብርጭቆ ይዤ ገባሁ። አቶ ቶሎ እጁን ዘረጋ ሊቀማኝ፤ በጎኑ አለፍኩት። ቀዳሁ።

ተጎነጩ። ደገሙ። «እ» አሉ። «ይኸው ይሄ ነው። እንደ ደብረ ሲና ጠዋት። ቢራ አይደል እንዲበርድ፣ ወጥ አይደል እንዲሞቅ። ማነው ያስቀመጠው?»

አቶ ቶሎ ቶሎ አለ፤ «በእኔ ትእዛዝ፣ ኃላፊው ማሞ ነው ጌታዬ።»

«ጥሩልኝ።»

«ማሞ! አንቺ፣ ማሞን ጥሪ! ቶሎ!»

አልተነቃነቅሁም። አንድ ሳምንት ሙሉ የት እንደምልከው ሳስብ የኖርኩት ሴት፣ ያን ጊዜ የምልክበት ቦታ አጣሁ። ወንዝ የለ፣ ገበያ የለ፣ ማገዶ የለ። ጌታው ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው አንቺ ልጅ?»

«ወይኑን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ ጌታዬ» አልኩ። «አንዱን አበላሽቼዋለሁ፣ ከእሳት አስጠግቼ። በቤቱ ሙቀት ብለው ጽፈዋል፣ የእርስዎ ቤት መሆኑን ቆይቼ ነው ያወቅሁት። የእኛን ቤት ሙቀት ማወቅ ከፈለጉ ግን ጓዳ ገብተው ባሌን ይንኩት።»

እንዴት ከአፌ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አቶ ቶሎ ነጣ። ጌታው የአንገታቸውን ፎጣ እንኳ ሳያወልቁ ተነሱ። ተከተልኳቸው። ያቺ ጠባብ ክፍል ገቡ፣ ጎንበስ አሉ፣ የማሞን ግንባር ነኩ፣ እጃቸውን ቶሎ አነሱ፤ እንደገና አስቀመጡት። ማሞ ዓይኑን ገልጦ፣ ጌታውን ከነነጭ ፎጣቸው አይቶ፣ «ምሳ ቀረበ?» አላቸው። ሊነሳ ሞከረ፤ ሊያስተናግድ! እሳቸው ትከሻውን ይዘው አስተኙት።

«ስንት ቀኑ ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ለምን አልተነገረም?»

ዞሬ አቶ ቶሎን አየሁት። በር ላይ ነው ያለው። ሰዓቱን አላየም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጌታው የራሳቸውን ሾፌር ጠሩ። ማሞን ከኋላ ወንበር አስተኙት፣ ጋሽ ሰይድ አብሮት ገባ፣ ደጋ ይዘውት ወጡ። እኔ ልከተል ስል እሳቸው «አንቺ ቆዪ፣ እኔን ማን ያስተናግደኛል?» አሉ። ጨከኑብኝ ብዬ ተቀየምኳቸው፣ አልዋሽም። ግን መኪናቸው እስኪመለስ ሁለት ቀን እሳቸውም እዚያ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። በሁለተኛው ቀን ሸሚዛቸውን ከፍተው ሾላው ሥር ወንበር አስወጡና፣ «ለካ በዚህ ቤት ነው ሰው የምናኖረው» አሉ። ለኔ አይደለም ያሉት፣ ለራሳቸው ነው። ሲሄዱ የማረፊያው ኃላፊ እኔ እንድሆን አዘዙ፣ በስሜ። አቶ ቶሎ ከዚያ በኋላም ነበረ፤ «እንዴት አደርሽ» ይለኝ ጀመር፣ እንዴት አደረ ቀረ። ከሁለቱም ቃል ግን የትኛውንም አልወደድኩለትም፤ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። እስካሁን በማለዳ በር ሲንኳኳ ልቤ ይመታል።

(እዚህ ላይ የጎረቤት ልጅ ጠየቀ፦ «ታዲያ እማማ፣ ባለቤትዎ ዳኑ?»)

ጋሽ ሰይድ ሆስፒታል አስገብቶት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ስንት ቀን ወሬው ሳይደርሰኝ ቀረ! የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሮጬ አቆም ነበር፣ «የሮቢት በሽተኛ፣ ማሞ የሚባል፣ አለ?» እያልኩ። የጭነት ሾፌሮቹ አወቁኝ፣ ገና ከሩቅ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ አልሰማንም ለማለት። በሃያኛው ቀን አንዱ ሾፌር ሳልጠይቀው አቆመ፣ በጎን በሩን ከፈተ፣ ከሲታ ሰው ወረደ፣ እግሩ እንደ ሸምበቆ። ሳላውቀው ቆሜ አየሁት። «ኃላፊዋ፣ ለሥራ ነው የመጣሁት» አለኝ። ኃላፊ መሆኔን እዚያው ሰምቷል! ከዚያ በኋላ በእኔ ሥር ሠራ፣ ነጭ ጃኬቱን ለብሶ፣ ሲያኮርፍ «እሺ አለቃ» እያለኝ።

እና ዳነ ወይ ትለኛለህ? እቺን ከጎንህ የምትስቀውን አታያትም? እናቷ የተወለደችው ማሞ ከደጋ ከተመለሰ በሁለተኛው ዓመት ነው።

(«እንግዲያው እማማ፣ ያ ወይን ከነጭራሹ ቢበላሽ ኖሮ እኔ የለሁም ማለት ነው?» አለች ልጅቷ። ሁላችንም ሳቅን። እማማ አስካለ ግን መጀመሪያ አልሳቁም፤ የልጅቷን ግንባር በመዳፋቸው ዳሰሱ።)

እሱን አላውቅም ልጄ። ደህና ነሽ፣ አላተኮሰሽም። ተነሺ አሁን፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ቤቱ ሞቀ።